የኮሌጅ ፉትቦል ኮች መሆን ለምትፈልጉ፦ ከየት ይጀመራል፣ በየት በኩል ይወጣል

ፉትቦል ስል የአሜሪካኑን ነው፣ በሄልሜትና በሾልደር ፓድ የሚጫወቱትን፣ እሱ ግልፅ ይሁን። ይሄን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ላደጉ የኛ ልጆችና ለወላጆቻቸው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አትላንታ፣ ዳላስ ሃይስኩል ላይ የተጫወቱ፣ ኮሌጅም ትንሽ የሞከሩ፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ሳይጫወቱ ጨዋታው ጭንቅላታቸው ውስጥ የገባ ልጆች አሉ፣ ኮች መሆን እፈልጋለሁ ይላሉ ግን በሩ የት እንዳለ የሚያሳያቸው ሰው የለም። ለምን ብትሉ ስራው በአብዛኛው በትውውቅ የሚሄድ ነው። የጆርጂያው ከርቢ ስማርት አባቱ የሃይስኩል ኮች ነበሩ፣ የኢንዲያናው ከርት ሲግኔቲ አባቱ ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ያሰለጠኑ ሰው ናቸው፣ እነዚህ ልጆች ሆነው ነው ስራውን እያዩ ያደጉት። የኛ ልጅ አባት ግን ቅዳሜ ስራ ላይ ነው፣ ጨዋታውንም ቢሆን ልጁ ስለሚጫወተው ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የምታውቁት ሰው ከሌለ ስራችሁን አይቶ የሚያውቃችሁ ሰው ማፍራት አለባችሁ፣ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዛው ላይ ነው የሚያርፈው።

1. መጀመሪያ ካርታውን እወቁት

ቲቪ ላይ የምናያቸው እነ አላባማ፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ቴክሳስ ከላይ ያሉት ብቻ ናቸው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማህበር፣ ኤንሲ ዳብል ኤ፣ ትምህርት ቤቶቹን ዲቪዥን ዋን፣ ቱ እና ስሪ ብሎ ይከፍላቸዋል። ዲቪዥን ዋን ፉትቦል ላይ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፣ ትልቁ ኤፍቢኤስ ይባላል ከ130 በላይ ቡድኖች አሉት፣ ሁለተኛው ኤፍሲኤስ ነው፣ ዲሲ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እዛ ነው የሚጫወተው። ዲቪዥን ስሪ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም ግን በቡድን ብዛት ሁሉንም ይበልጣል። ከነዚህ ውጪ ኤንኤአይኤ የሚባለው ሌላ ማህበር ስር ያሉ ትናንሽ ኮሌጆችና ጁኮ የሚባሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሉ። ስራ የምትፈልጉ ከሆነ ዓይናችሁን ከቲቪው አንሱና እነዚህን የማይታዩትን ቦታዎች ቁጠሩ፣ ከቤታችሁ የሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ ስንት እንዳሉ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ስታፉ ውስጥ ያለው ደረጃ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው፦ ስቱደንት አሲስታንት፣ ግራጁዌት አሲስታንት (ሁሉም ሰው ጂኤ ነው የሚለው)፣ ኳሊቲ ኮንትሮል ወይም አናሊስት፣ ፖዚሽን ኮች፣ ኮርድኔተር፣ ሄድ ኮች። ፖዚሽን ኮች ማለት አንድ ክፍል የሚይዝ ነው፣ ለምሳሌ ላይንባከሮችን (ዲፌንስ ላይ ከፊተኛው መስመር ኋላ የሚቆሙትን) ብቻ። ኮርድኔተር ኦፌንሱን (አጥቂውን) ወይ ዲፌንሱን (ተከላካዩን) ወይ ስፔሻል ቲሙን (ኳስ ሲመታ የሚገባውን) በሙሉ የሚመራው ነው። ድሮ ኤፍቢኤስ ላይ ሜዳ ገብተው ማሰልጠን የሚችሉት 10 አሲስታንት ኮቾችና ጂኤዎቹ ብቻ ነበሩ፣ አናሊስት የሚባለው ቢሮ ቁጭ ብሎ ፊልም ከማየት ውጪ ተጫዋች ማስተማር አይፈቀድለትም ነበር። 2024 ላይ ይሄ ህግ ተነሳ፣ አሁን አናሊስቱም ፕራክቲስ ላይ ያስተምራል። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ሌላም መሰላል አለ፣ ማሰልጠን ሳይሆን ተጫዋች የመመልመልና ቡድን የማዋቀር ስራ። በቅርቡ ጀነራል ማናጀር የሚባል የስራ መደብ ኮሌጅ ውስጥ በሰፊው ገብቷል፣ ስታንፎርድ 2024 መጨረሻ ላይ የድሮ ኳርተርባኩን አንድሩ ለክን በዚህ ስራ ላይ አስቀምጦታል። ቁጥርና ድርድር የሚወድ ልጅ ይሄኛውን ቢያስብ አይከፋም። እኔ ግን እዚህ የማወራው ስለ ኮቹ መንገድ ነው።

2. ዲግሪያችሁን ሳትይዙ ግቡበት

ትልቁ ስህተት ከተመረቁ በኋላ መጀመር ነው። ኮሌጅ የምትጫወቱ ከሆነ ሶስተኛ ዓመት ላይ ለፖዚሽን ኮቻችሁ በግልፅ ንገሩት፣ "ኮች፣ ወደፊት ማሰልጠን ነው የምፈልገው፣ ምን ልማር" በሉት። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ ከዛች ቀን ጀምሮ ሚቲንግ ላይ በሌላ ዓይን ነው የሚያዩዋችሁ፣ ትንንሽ ልጆችን እንድታስተምሩ ያደርጋሉ፣ በጋ ላይ ካምፕ እንድትሰሩ ይጠሩዋችኋል።

የማትጫወቱ ከሆነም በሩ አልተዘጋም። ፉትቦል ቢሮው ሄዳችሁ ኦፕሬሽን የሚያስተዳድረውን ሰው ጠይቁ፣ እቃ የሚያዘጋጅ፣ ፕራክቲስ ከማማ ላይ የሚቀርፅ፣ ሪክሩቲንግ (ተጫዋች የሚመለምለው) ቢሮ ውስጥ እንግዳ የሚቀበል ተማሪ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ስትሄዱ "ፉትቦል በጣም እወዳለሁ" አትበሉ፣ ሁሉም ይወዳል እኮ፣ "ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፣ ካሜራ መያዝ እችላለሁ፣ ኤክሴል እችላለሁ" በሉ። ኋላ የቴክሳስ ቴክ ሄድ ኮች የሆነው ማይክ ሊች ኮሌጅ ፉትቦል አልተጫወተም፣ የህግ ዲግሪ ይዞ ነው ወደ ኮችነት የገባው፣ ካሊፎርኒያ ትናንሽ ቦታዎች ላይ ጀምሮ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ አሰልጥኖ ነው አይዋ ዌስሊያን የምትባል ትንሽ ኮሌጅ የገባው፣ እዛ ከሄድ ኮቹ ከሃል ማሚ ጋር የጀመሩት የፓስ ኦፌንስ ኋላ ቴክሳስ ቴክን ታዋቂ አደረገው። ሴቶችም አላችሁ፣ ካሊ ብራውንሰን 2018 ላይ ዳርትማውዝ ኦፌንስ ኳሊቲ ኮንትሮል ሆና ስትቀጠር በዲቪዥን ዋን የመጀመሪያዋ የሙሉ ጊዜ ሴት የፉትቦል ኮች ነበረች።

የትምህርት ዘርፉ ምንም ቢሆን ችግር የለውም፣ ግን ውጤቱን አታበላሹ። ጂኤ ለመሆን ማስተርስ ፕሮግራም መግባት ግዴታ ነው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 3.0 አካባቢ ይጠይቃል፣ ኮቹ ፈልጓችሁ አድሚሽን የሚመልሳችሁ ከሆነ ያሳዝናል። ቲቸር ላይሰንስ ብትይዙ ደግሞ የሃይስኩሉ በር ይከፈትላችኋል፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

3. ፊልም ማንበብ ተማሩ፣ እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ

ይሄ ነው ዋናው እና በደንብ እንነጋገርበት። ኮቾች አዲስ ልጅ ሲቀጥሩ የሚፈልጉት ንግግር የሚያሳምር ሰው አይደለም፣ እሁድ ማታ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ፊልም ሰጥተውት ሰኞ ጠዋት ስህተት የሌለው ሰንጠረዥ የሚያመጣ ሰው ነው። ፊልም መስበር ወይም ብሬክዳውን የሚሉት ይሄን ነው፣ እያንዳንዱን ፕሌይ (ኳሷ ተነስታ እስክትቆም ያለውን) ታዩና ዳውኑ (ሙከራው) ስንተኛ ነው፣ ስንት ያርድ ይቀራል፣ ኳሷ የትኛው ሃሽ (የሜዳው የግራ ወይ የቀኝ ምልክት) ላይ ነች፣ ሜዳው ላይ እነማን ገብተዋል፣ ፎርሜሽኑ (አሰላለፉ) ምንድነው፣ ሞሽን (ፕሌዩ ሳይጀመር ቦታ የሚቀይር ተጫዋች) አለ ወይ፣ ምን ተጫወቱ፣ ስንት ያርድ አገኙ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። እነማን ገብተዋል የሚለው በቁጥር ነው የሚፃፈው፣ 11 ከተባለ አንድ ረኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው) እና አንድ ታይት ኤንድ (መስመሩ ጫፍ ላይ የሚቆመው) ነው፣ 12 ከተባለ አንድ ረኒንግ ባክና ሁለት ታይት ኤንድ። የመጀመሪያው አሃዝ ባኮቹን ሁለተኛው ታይት ኤንዶቹን ነው የሚቆጥረው፣ የቀሩት ሪሲቨሮች (ኳስ ተቀባዮች) ናቸው።

ይሄ ሁሉ የሚመዘገበው ለምንድነው? ልማድ ለማግኘት ነው። ተጋጣሚው በ12 ሲገባ ሁልጊዜ ወደ ታይት ኤንዱ በኩል ነው የሚሮጠው? ሶስተኛ ዳውን ላይ 7 ያርድና ከዛ በላይ ሲቀር ዲፌንሱ ብሊትዝ (ተጨማሪ ሰው ወደ ኳስ ወርዋሪው መላክ) ያመጣል ወይስ ወደ ኋላ ይወርዳል? ኮርድኔተሩ ቅዳሜ የሚጠራውን ፕሌይ የሚመርጠው ከዚህ ሰንጠረዥ ነው፣ እና እናንተ አንዱን መስመር ብትሳሳቱ ስህተቱ እሱ ድረስ ይሄዳል።

ራሳችሁን ለማሰልጠን እንዲህ አድርጉ። የአንድ ቡድን ሶስት ሙሉ ጨዋታ ዩቲዩብ ላይ ፈልጉ፣ አንዱን ወገን ብቻ ያዙ፣ ኦፌንሱን በሉ። እያንዳንዱን ፕሌይ ኤክሴል ላይ አስገቡ፣ በአንድ ጨዋታ ከ60 እስከ 70 ፕሌይ አካባቢ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ አንዱ ጨዋታ ሌሊቱን ሙሉ ይወስድባችኋል፣ አትደንግጡ። ሶስቱን ስትጨርሱ ፊልተር እያደረጋችሁ ሁለት ገፅ ሪፖርት ፃፉ፣ "ይሄ ቡድን እንዲህ ሲሰለፍ ይሄን ያደርጋል፣ እኔ ብሆን በዚህ አቆመዋለሁ" የሚል። የቲቪ ካሜራ ሰፋ አድርጎ ስለማያሳይ ሴፍቲዎቹ (የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች) አንዳንዴ አይታዩም፣ ያልታየውን በግምት አትሙሉ ባዶ ተዉት፣ ኮች የሆነ ሰው ሲያየው በግምት የሞላውን ልጅ ወዲያው ነው የሚያውቅበት። ትምህርት ቤቶች በብዛት ሃድል የሚባለውን ሶፍትዌር ነው የሚጠቀሙት፣ ሃይስኩላችሁ ካለው ሄዳችሁ ተለማመዱበት፣ ኮቻችሁ እምቢ አይልም።

ሁለተኛው ክህሎት ካርድ መሳል ነው። በሳምንቱ ውስጥ ተጠባባቂዎቹ የተጋጣሚውን ጨዋታ ይኮርጃሉ፣ ስካውት ቲም ይባላሉ፣ ለነሱ እያንዳንዱ ፕሌይ ወፍራም ወረቀት ላይ ተስሎ ይያዝላቸዋል፣ ያንን የሚስለው ጂኤው ነው። ካርዱ ከሩቅ መነበብ አለበት፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ በአንድ እይታ መታወቅ አለበት። ቀላል ይመስላል ግን 22 ሰው ቆሞ እየጠበቃችሁ ካርዱ ሲያደናግር ሄድ ኮቹ የሚጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ገምቱ።

ሶስተኛው ማስተማር ነው። ኢንተርቪው ላይ ማርከር ይሰጧችሁና "ኢንሳይድ ዞን አስተምረኝ" (የሩጫ ፕሌይ ነው) ወይም "ከቨር ስሪያችሁን ሳለው" (የመከላከያ አሰላለፍ ነው) ይላሉ። መሳሉን ሁሉም ይችላል፣ የሚለየው ሰው እግሩ የትኛው መጀመሪያ እንደሚነሳ፣ ዓይኑ የት እንደሚሆን፣ ዲፌንሱ ቢቀይር ምን እንደሚባል፣ ይሄን ለማለማመድ ማክሰኞ የትኛውን ድሪል እንደሚሰራ የሚናገረው ነው። ስልካችሁን አቁማችሁ ራሳችሁን 10 ደቂቃ ቅረፁና እዩት፣ ድምፃችሁን መስማት ያስጠላል ግን ይጠቅማል። ታናሽ ወንድም ካላችሁ እሱ ይቀመጥና ይጠይቃችሁ፣ እሱ ካልገባው የ18 ዓመት ፍሬሽማንም አይገባውም።

4. የመጀመሪያ ስራ፦ ትንሽ ቦታ ላይ ትልቅ ኃላፊነት

እዚህ ጋር ሰው ይከራከረኛል፣ እኔ ግን ጀማሪ ልጅ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፕሪንተር ከሚጠብቅ ሃይስኩል ወይም ዲቪዥን ስሪ ገብቶ የራሱን ክፍል ቢይዝ ይሻላል ባይ ነኝ። ሃይስኩል ላይ በመጀመሪያው ዓመት የላይንባከር ኮች ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ልጁ ሲሳሳት ስህተቱ የናንተ ነው፣ ያኔ ነው ሙያው የሚገባው። ጋስ ማልዛን አርካንሳስ ውስጥ የሃይስኩል ኮች ሆኖ ነው ዓመታት የቆየው፣ 2006 ላይ ኮሌጅ ገባ፣ 2013 ላይ ኦበርንን ይዞ ለብሄራዊ ሻምፒዮና ጨዋታ ደረሰ።

ዲቪዥን ስሪና ኤንኤአይኤ ላይ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ስራው ግን ሁሉም ዓይነት ነው፣ ሪሲቨር ታሰለጥናላችሁ፣ ቫን ትነዳላችሁ፣ ማልያ ታሳጥባላችሁ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ስኮላርሺፕ በሌለበት አንድን ወላጅ ልጅህን ወደኛ ላክ ብላችሁ ታሳምናላችሁ። እሱን የቻለ ሰው ኋላ ላይ ሪክሩቲንግ አይከብደውም።

5. ጂኤነት

አሁን ወደ ትክክለኛው መግቢያ በር መጣን። ጂኤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ ትምህርት ቤቱ የማስተርስ ክፍያችሁን ይችላል፣ ከዛ ላይ ለቤት ኪራይና ለምግብ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ይሰጣል። የአላባማ ታዋቂ ሄድ ኮች የነበረው ኒክ ሴይባን ራሱ በ1973 ኬንት ስቴት ላይ በዶን ጄምስ ስር ጂኤ ሆኖ ነው የጀመረው፣ ከዛ በፊት ኮች የመሆን ሃሳብም አልነበረውም ይባላል።

ሳምንቱ ምን ይመስላል? እሁድ የቅዳሜው ጨዋታ ፊልም ታይቶ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ ይሰጣል፣ ማታ ወደ ሚቀጥለው ተጋጣሚ ይዞራል። ሰኞ ጌምፕላን፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከባዱ ፕራክቲስ፣ ሐሙስ ቀለል ይላል፣ አርብ ዎክ ስሩ (በእርምጃ የሚሰራ ልምምድ)፣ ቅዳሜ ጨዋታ። ተጫዋቾቹ በሲዝን በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሰሩ ህግ አለላቸው፣ ለጂኤ እንዲህ ያለ ህግ የለም። በዚህ መሃል ክላስ አለ፣ ፔፐር አለ። በቃ እንቅልፍ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ማስተርሱን ስትመርጡ በኦንላይን የሚሰጥ ወይም ማታ የሌለው ፈልጉ፣ ቀድመው የነበሩ ጂኤዎችን ጠይቁ፣ የትኛው ፕሮፌሰር ኖቬምበር ላይ እንደሚረዳ ያውቃሉ።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለመጣችሁ አንድ ማሳሰቢያ፣ ኤፍ ዋን ላይ ያለ ተማሪ ትምህርት ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ መስራት የሚችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። የፉትቦል ቢሮው ይሄን ላያውቀው ይችላል፣ እናንተ ግን ኢንተርናሽናል ስቱደንት ቢሮ ሄዳችሁ በፅሁፍ አስወስኑ። በቃል "ችግር የለውም" ተብሎ የተገባ ነገር በኋላ መዘዝ አለው።

ጂኤ ላይ ስም የሚገኘው በትንንሽ ነገር ነው። ኮርድኔተሩ ሳይጠይቅ የሚፈልገውን ቀድሞ ማዘጋጀት፣ ከሁሉም በፊት መምጣት፣ ሚቲንግ ላይ ሳይጠየቁ አለማውራት ግን ሲጠየቁ መልስ መያዝ፣ እና ቢሮ ውስጥ የሰሙትን ውጪ አለማውጣት። የመጨረሻዋን ሁለቴ አንብቧት።

6. ስራ ፍለጋው እንዴት ነው

ኮሌጅ ፉትቦል ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ሰውዬው ተመርጧል። ሄድ ኮቾች በብዛት የሚባረሩት ኖቬምበር መጨረሻና ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፣ አዲሱ ሲመጣ የሚያውቃቸውን ይዞ ይመጣል፣ አሮጌዎቹ ይበተናሉ፣ በዛ ሁለት ወር ውስጥ ስልክ ነው የሚሰራው። የአሜሪካ ፉትቦል ኮቾች ማህበር፣ በአጭሩ ኤኤፍሲኤ፣ ከ1922 ጀምሮ ያለ ነው፣ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ትልቅ ጉባኤ ያደርጋል፣ ብዙ ሺ ኮች አንድ ሆቴልና አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል። ለትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ለሎቢው ሂዱ፣ ስራ የሚወራው እዛ ነው። ግን የማታውቁትን ትልቅ ኮች እጁን ይዛችሁ አታስጨንቁት። የምትፈልጉት በእድሜና በደረጃ ከናንተ አንድ እርከን ከፍ ያለውን ነው፣ ያ ጂኤ ዘንድሮ ፖዚሽን ኮች ሆኖ ሲሄድ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ማን ይተካኝ ሲባል ስማችሁን የሚጠራው እሱ ነው።

ከጉባኤው በፊት አጭር መልእክት ላኩ፣ ሪዙሜ አንድ ገፅ ብቻ፣ የሰራችሁት ሪፖርት አንድ ናሙና፣ ሲደወልላቸው ስልክ የሚያነሱ ሶስት ሰዎች ስም። ስልክ የማያነሳ ታዋቂ ሰው አይጠቅማችሁም። ከዛ በኋላ በየሁለት ሶስት ወሩ ሰላምታ እንጂ "ስራ አለ ወይ" አይደለም፣ ሲያሸንፉ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ሲሸነፉም አትጥፉ፣ ሁሉም በሚጠፋበት ሰዓት የመጣ መልእክት ይታወሳል።

ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ላላችሁ ደግሞ የማይክ ሎክስሊን መንገድ ተመልከቱት። ዲሲ ነው የተወለደው፣ ታውሰን ተጫውቶ እዛው በ1992 ማሰልጠን ጀመረ፣ ኔቪ ፕሬፕ፣ አርሚ፣ ሜሪላንድ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢሊኖይ እያለ ኒው ሜክሲኮ ላይ ሄድ ኮች ሆነ፣ እዛ አልተሳካለትም 2011 ላይ ተባረረ፣ አላባማ ሄዶ እንደገና ሰራ፣ 2018 ላይ የዓመቱ ምርጥ አሲስታንት የሚባለውን የብሮይልስ ሽልማት ወሰደ፣ ከዛ ሜሪላንድ ሄድ ኮች አደረገው። 2020 ላይ ደግሞ ጥቁርና ሌሎች አናሳ ኮቾችን የሚያገናኝ ብሄራዊ ኅብረት አቋቁሟል። ለኛ ልጆች ይሄ ዝም ብሎ የሚታለፍ በር አይደለም።

7. ፖዚሽን ኮች ስትሆኑ ስራችሁ ግማሹ ሪክሩቲንግ ነው

ክፍል ተሰጣችሁ እንበል። አሁን የምትለኩት በሁለት ነገር ነው፣ ተጫዋቾቻችሁ ይሻሻላሉ ወይ፣ እና አዲስ ተጫዋች ታመጣላችሁ ወይ። ከግቢ ውጪ ወጥታችሁ ለመመልመል በየዓመቱ የኤንሲ ዳብል ኤን የህግ ፈተና ማለፍ አለባችሁ። ካላንደሩን እንደ ፆም ካላንደር በቃላችሁ ያዙት፣ ቤት ሄዶ ማነጋገር የሚቻልበት ጊዜ አለ፣ ማየት እንጂ ማነጋገር የማይቻልበት አለ፣ ዴድ ፒሪየድ የሚባለው ላይ ደግሞ ፊት ለፊት መገናኘት ጭራሽ የለም። በስህተት ብትጥሱም ሪፖርት ይደረጋል።

እያንዳንዱ ኮች አካባቢ ይሰጠዋል፣ እዛ ያሉ የሃይስኩል ኮቾችን አንድ በአንድ ማወቅ አለባችሁ፣ ጥሩ ልጅ ያላቸውን ብቻ ሳይሆን ዘንድሮ ማንም የሌላቸውንም። እዚህ ላይ ለኛ ልጆች አንድ ጥቅም አለ። ዛሬ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሃይስኩሎች ውስጥ ካሉት ተጫዋቾች መሃል የናይጄሪያ፣ የካሜሩን፣ የጋና፣ የኛም ልጆች አሉ፣ ቤት ስትገቡ እናትየዋ የምትጠይቀው ስለ ስታዲየሙ አይደለም፣ "ምን ይማራል፣ ማን ይጠብቀዋል፣ ቢጎዳስ" ነው። ይሄን ጥያቄ ከራሳችሁ እናት አፍ ስትሰሙት ያደጋችሁ ልጆች መልሱን ማንም ሳያስተምራችሁ ታውቁታላችሁ። ጫማ አውልቃችሁ ግቡ፣ የቀረበላችሁን ብሉ፣ የኢንጂነሪንግ ዲፓርትመንቱን ብሮሸር ይዛችሁ ሂዱ።

ስራው ግን ከ2018 ወዲህ ተቀያይሯል። በዛ ዓመት ኦክቶበር ላይ ትራንስፈር ፖርታል መጣ፣ ተጫዋች ስሙን አስገብቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ በስሙና በምስሉ ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቀደ። 2025 ላይ ደግሞ በፍርድ ቤት በፀደቀ ስምምነት ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው እንዲከፍሉ ተፈቀደ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለሁሉም ስፖርት አንድ ላይ 20.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ይሄ ማለት አምና የመለመላችሁትን ልጅ ዘንድሮ እንደገና ትመለምሉታላችሁ፣ የናንተው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እያለ። ስለ ገንዘብ ቃል አትግቡ፣ የምትችሉት "የሚመለከተውን ሰው አገናኝሃለሁ" ማለት ነው።

8. መቼ ትነሳላችሁ፣ መቼ ትቀመጣላችሁ

ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ ይሄ ነው። ስራ ሲመጣ ሶስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ከማን ስር ነው የምሰራው፣ ምን ይሰጠኛል፣ ሄድ ኮቹ ስንት ዓመት የሚቆይ ይመስላል። የዩኒቨርሲቲው ስምና የማልያው ቀለም ከነዚህ በኋላ ይምጣ።

ዳን ላኒንግን እዩት። ሚዙሪ ውስጥ አስተማሪና የሃይስኩል ኮች ነበር፣ 2011 ላይ ስራ ለመጠየቅ ፒትስበርግ ድረስ 13 ሰዓት ያህል ነዳ፣ ጂኤ ሆኖ ገባ። የፒትስበርግ ሄድ ኮች የነበረው ቶድ ግራሃም አሪዞና ስቴት ሲሄድ ተከተለው። 2014 ላይ ሳም ሂውስተን ስቴት ላይ የራሱን ክፍል ይዞ ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንን ትቶ አላባማ ጂኤ ለመሆን ሄደ፣ ማለትም ወደ ታች ወረደ፣ ያውም ቤተሰብ ይዞ። ግን ሴይባን ስር አንድ ዓመት ማየት ያዋጣል ብሎ ነው፣ አዋጣም፣ ሜምፊስ፣ ጆርጂያ፣ ዲፌንስ ኮርድኔተር፣ 2021 መጨረሻ ላይ ኦሪገን ሄድ ኮች።

ሲግኔቲ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ። አላባማ ሴይባን ስር የሪሲቨር ኮችና የሪክሩቲንግ ኮርድኔተር ሆኖ፣ 2011 ላይ ወደ 50 ዓመቱ ሲጠጋ ትቶ ዲቪዥን ቱ ላይ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለች ትምህርት ቤት ሄድ ኮች ሆኖ ሄደ። ሰው አብዷል ብሎ ይሆናል። ከዛ ኢሎን፣ ጄምስ ማዲሰን፣ 2024 ላይ ኢንዲያና፣ በፊተኛው ዓመት 3 አሸንፎ 9 የተሸነፈውን ቡድን በመጀመሪያ ዓመቱ 11 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፎ ፕሌይኦፍ አስገባው። ላኒንግ ያልነበረው ትልቅ ቤት ውስጥ ያለው ትምህርት ነበር፣ ሲግኔቲ ያልነበረው በራሱ መወሰን ነበር። እናንተም የጎደላችሁን ነው የምትከተሉት፣ ማዕረጉን አይደለም።

ኮርድኔተር ለመሆን ሰው ፕሌይ ስትጠሩ ያያችሁ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ስፕሪንግ ጌም ላይ (ቡድኑ እርስ በርሱ የሚጫወተው ጨዋታ) ወይም ትንሽ ኮሌጅ ላይ የመጥራት ዕድል ሲመጣ እምቢ አትበሉ። ሄድ ኮችነት ግን ሌላ ስራ ነው፣ በጀት፣ ለጋሾች፣ ጋዜጠኛ፣ ሌሊት ላይ የሚደወል የፖሊስ ስልክ፣ ጎበዝ ኮርድኔተር የነበረ ብዙ ሰው እዛ ሲደርስ ይጠፋል። ከአሁኑ ማስታወሻ ያዙ፣ አብራችሁ የሰራችኋቸውን ጥሩ ሰዎች ስም፣ ያያችሁትን የፕራክቲስ ፕሮግራም፣ ቀጣሪው "ስታፍህ ማነው" ሲላችሁ ወዲያው የምታወጡት ዶሴ ይሁን።

9. ገንዘብ፣ ቤተሰብና መባረር

ላይ ያለው ገንዘብ እብድ ነው፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 2023 ላይ ጂምቦ ፊሸርን ሲያባርር የሚከፍለው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ያ ግን የጥቂቶች ነው። የአብዛኛው አሲስታንት ኮንትራት የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፣ ከታች ያሉት ጋር ደግሞ ጭራሽ ኮንትራትም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ቤት ለመግዛት አትቸኩሉ፣ ዕዳ ይዛችሁ ጂኤ አትግቡ፣ የትዳር ጓደኛችሁ በየትኛውም ስቴት ሊሰራ የሚችል ሙያ ቢኖረው ህይወታችሁ በግማሽ ይቀላል። ለወላጆቻችሁም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ "ማስተርስ በነፃ እየተማርኩ ነው" ብላችሁ ጀምሩ፣ እውነትም ነው፣ የቀረውን ቀስ ብለው ይለምዱታል። ገና እና ፋሲካ ላይ እንደማትገኙ ግን አትደብቁ፣ የኛ ገና የሚውለው የጉባኤው ሰሞን ነው፣ ፋሲካ ደግሞ ስፕሪንግ ፕራክቲስ ላይ ይወድቃል።

መባረር አይቀርም፣ ጥሩ ሰርታችሁም ከሄድ ኮቹ ጋር ትባረራላችሁ። የክሌምሰኑ ሄድ ኮች ዳቦ ስዊኒ 2000 ላይ አላባማ ስታፉ በሙሉ ሲበተን ስራ አጥቶ ሁለት ዓመት ሪል እስቴት ሰርቷል፣ 2003 ላይ ክሌምሰን የጠራው ድሮ የሚያውቀው ሰው ነው፣ ቶሚ ቦውደን፣ ከዛ የሆነውን ታውቃላችሁ፣ ሁለት ሻምፒዮና። በዚያ ቀን የምታደርጉት ይሄ ነው፦ ተጫዋቾቻችሁን በግል ተሰናበቱ፣ ስለ አሰሪያችሁ ሶሻል ሚዲያ ላይ ምንም አትፃፉ፣ የራሳችሁን ማስታወሻና የሰራችሁትን ማስተማሪያ ኮፒ አድርጉ (የትምህርት ቤቱ የሆነውን ሳይሆን የናንተን)፣ ከዛ ስልኩን አንስታችሁ ዝርዝራችሁ ላይ ካለው ከመጀመሪያው ሰው ጀምሩ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ኤችአር ጋር ጎራ በሉና ደሞዙ እስከመቼ እንደሚከፈል፣ የጤና ኢንሹራንሱ በየትኛው ቀን እንደሚቋረጥ በፅሁፍ ተቀበሉ፣ ብዙ ቦታ በወሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆረጠው።